አርጀንቲናን ኳስ ያስለመደው ርዕሰ መምህር

በአርጀንቲና ምድር የተደረገው የመጀመሪያው የእግር ኳስ ጨዋታ ቀኑም፣ ቦታውም፣ ውጤቱም ይታወቃል። ጁን 20 ቀን 1867 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቦታው ፓሌርሞ የሚባለው የቦነስ አይረስ ሰፈር፣ የእንግሊዞች ክሪኬት ክለብ ሜዳ ነበር። ጨዋታውን የጠነሰሱት ቶማስና ጄምስ ሆግ የተባሉ ወንድማማቾች ዘ ስታንዳርድ በተሰኘው የከተማዋ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አውጥተው፣ ሰው ሰብስበው፣ ክለብ መሥርተው፣ በለንደን የጸደቀውን የጨዋታ ደንብ ይዘው ነው የተነሡት። መጀመሪያ የተቀጠረው ግጥሚያ ላ ቦካ ላይ ሊደረግ ታስቦ ሜዳው ጨቅይቶ ቀረ። ፓሌርሞ ላይም 11 ለ11 የሚሆን ሰው ስላልተገኘ በቀይና በነጭ ተለይተው 8 ለ8 ተጫወቱ፤ አንደኛው ወገን 4 ለ0 አሸነፈ። ዛሬ በዚያ ቦታ የከተማዋ ፕላኔታሪየም ቆሟል። ይህን ያህል በዝርዝር የተመዘገበ ልደት ያለው አገር ብዙ አይደለም። ሆኖም ክለቡ ብዙ ሳይቆይ ፊቱን ወደ ራግቢ አዞረ፤ ኳሱም ከብሪታንያውያኑ መዝናኛ ሳያልፍ ደብዛው ጠፋ።

ይህ የከሸፈ ጅምር ከተሳካው ታሪክ ይልቅ ብዙ ያስተምራል ባይ ነኝ። የሆግ ወንድማማቾች ኳስ ነበራቸው፣ ደንብ ነበራቸው፣ ጋዜጣና ሜዳም ነበራቸው። የጎደላቸው ጨዋታውን በየዓመቱ አዲስ ሰው የሚያስገኝለት ቤት ነው። የተጫወቱት ነጋዴዎችና የቢሮ ሠራተኞች ሲሰለቹ ወይም ወደ አገራቸው ሲመለሱ የሚተካቸው አልነበረም። ከ15 ዓመት በኋላ ከስኮትላንድ የመጣ አንድ መምህር ይህን ጉድለት ሞላው። አሌክሳንደር ዋትሰን ሃተን ወደ አርጀንቲና ኳስ ያስገባ የመጀመሪያው ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ከመጀመሪያዎቹ አንዱ እንኳ አይደለም። ያም ሆኖ የአርጀንቲና እግር ኳስ አባት እየተባለ የሚጠራው እሱ ነው፤ የአገሪቱ ፌዴሬሽን ቤተ መጻሕፍትም በስሙ ተሰይሟል። ስያሜው ይገባዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ የሚቀርቡ ተቃውሞዎች አሉ፤ አንዳንዶቹም ጠንካሮች ናቸው።

ሃተን በ1853 ግላስጎው ተወለደ። ወላጆቹን በልጅነቱ አጥቶ፣ ኤዲንብራ ተምሮ፣ ከዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ በመምህርነት ተሰማራ። በ1882 ቦነስ አይረስ የገባው ሴንት አንድሩስ የተባለውን የስኮትላንዳውያን ትምህርት ቤት እንዲመራ ተቀጥሮ ነው። እንደ ዘመኑ የብሪታንያ መምህራን ሁሉ ልጅ በመጽሐፍ ብቻ አይታነጽም፣ ሜዳም ያስፈልገዋል የሚል እምነት ነበረው። ይህ እምነት የእሱ ግኝት አይደለም፤ በብሪታንያ ትልልቅ ትምህርት ቤቶች የተለመደ ፈሊጥ ነበር። ልዩ የሚያደርገው ለእምነቱ የከፈለው ዋጋ ነው። የትምህርት ቤቱን አስተዳደር የስፖርት ሜዳውን እንዲያሰፋ ጠየቀ፤ አልፈቀዱለትም። ሥራውን ለቀቀና በ1884 የራሱን ትምህርት ቤት፣ ቦነስ አይረስ ኢንግሊሽ ሃይ ስኩልን ከፈተ። በሰው አገር ሁለት ዓመት የቆየ ቅጥር መምህር በሜዳ ጉዳይ እንጀራውን ጥሎ መውጣቱ ነገሩን ምን ያህል ከልቡ እንደያዘው ያሳያል።

በአዲሱ ትምህርት ቤት እግር ኳስ ከሌሎቹ ትምህርቶች ጋር ወደ መርሐ ግብሩ ገባ። በ1886 ዊሊያም ዋተርስ የተባለ ረዳት ከስኮትላንድ ሲመጣ የቆዳ ኳሶች ይዞ ነበር። የጉምሩክ ሠራተኞቹ እነዚህን ነገሮች በየትኛው የዕቃ ዓይነት መዝግበው እንደሚቀርጡ ግራ ገብቷቸው የእብድ እንግሊዞች ዕቃ ነው ብለው አሳለፏቸው እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል። ወሬው በጊዜ ብዛት ተኳኩሎ ሊሆን ይችላል፤ የኳሶቹ መምጣት ግን እውነት ነው። እኔ ከዚህ ወሬ ይልቅ የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው፤ ኳሶቹ የወረዱት ወደ አንድ ክለብ ሳይሆን ወደ ትምህርት ቤት መሆኑ። ክለብ አባላቱ ሲያረጁ ያረጃል። ትምህርት ቤት ግን በየዓመቱ አዲስ ክፍል ይቀበላል፣ የጨረሱትንም ኳስ እንዳስለመደ ወደ ከተማው ይለቃል። እነዚህ ልጆች ባንክ ቤት ሲገቡ፣ የባቡር ኩባንያ ሲቀጠሩ፣ ነጋዴ ሲሆኑ ልማዱ አብሯቸው ይሄዳል። ሆግ በማስታወቂያ ሲጠራ የነበረውን ሰው ሃተን በክፍል ውስጥ ያሳድገው ነበር።

ቀጥሎ የሚመጣው የሊጉ ነገር ነው፤ የመጀመሪያው ጠንካራ ተቃውሞም እዚህ ጋ ይነሣል። በአርጀንቲና የመጀመሪያውን ሊግ ያቋቋመው ሃተን አይደለም። በ1891 አሌክ ላሞንት የተባለ የሴንት አንድሩስ መምህር፣ ማለትም ሃተን ጥሎት የወጣው ትምህርት ቤት ባልደረባ፣ አምስት ቡድኖች የተሳተፉበት ውድድር እንዲዘጋጅ አደረገ። ሴንት አንድሩስና ኦልድ ካሌዶኒያንስ በነጥብ እኩል ሆነው ጨርሰው በመለያ ጨዋታ ሴንት አንድሩስ 3 ለ1 አሸነፈ። ከብሪታንያ ውጭ በዚያ ዘመን የሊግ ውድድር ያካሄደ አገር በጣት የሚቆጠር ነው፤ ስለዚህ ላሞንት የሚገባውን ክብር አላገኘም የሚሉ ሰዎች ትክክል ናቸው። ይሁን እንጂ በ1892 ውድድር አልተካሄደም፤ ሊጉን ያዘጋጀው ማኅበርም ፈረሰ። ሃተን ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1893 ማኅበሩን ዳግም አቋቁሞ ራሱ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ከዚያ ዓመት ጀምሮ ሊጉ ሳይቋረጥ ቀጠለ። የአርጀንቲና ፌዴሬሽን አቋሙን በሁለት ሚዛን ለክቶታል፦ የ1891ን ዋንጫ በይፋ የሻምፒዮኖች ዝርዝር ውስጥ ይቆጥራል፣ የልደት ቀኑ አድርጎ የሚያከብረው ግን የ1893ቱን ነው። ፍርዱ ፍትሐዊ ይመስለኛል። የላሞንትን ሐሳብ ማንም ሊያስበው ይችል ነበር፤ ከከሸፈ በኋላ ተነሥቶ እንደገና ቡድን መጥራት፣ ዳኛ መመደብ፣ የጨዋታ ቀን ማውጣት፣ በሚቀጥለውም ዓመት ያንኑ መድገም ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ሃተን ራሱ ፊሽካ ይዞ የሚዳኝበት ጊዜም ነበር።

የሚገርመው የራሱ ትምህርት ቤት ከዚህ ሁሉ ድካም ቶሎ አልተጠቀመም። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ዋንጫ አብዛኛውን ሎማስ የሚባለው ክለብ ወሰደው፤ በ1896 ደግሞ ሎማስ አካዳሚ አነሣው። የኢንግሊሽ ሃይ ስኩል ዘመን የጀመረው የአርጀንቲና የትምህርት ሚኒስቴር በ1898 የአካል ማጎልመሻን በትምህርት ቤቶች ግዴታ አድርጎ፣ ትምህርት ቤቶችም ተማሪዎችና የቀድሞ ተማሪዎች የሚሰባሰቡባቸው የስፖርት ክለቦች እንዲያቋቁሙ ካበረታታ በኋላ ነው። ሃተን ከ14 ዓመት በፊት ሥራውን የለቀቀበት ሐሳብ የመንግሥት መመሪያ ሆነ ማለት ነው። የትምህርት ቤቱ ክለብ በዚያው ዓመት ተመሠረተ፤ በ1900 አንደኛ ዲቪዚዮን ገብቶ በመጀመሪያ ዓመቱ ሻምፒዮን ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ክለቦች የትምህርት ቤት ስም ይዘው መወዳደር ስለተከለከሉ አሉምኒ በሚል ስም ቀጠለ። እስከ 1911 ባለው ጊዜ በድምሩ 10 ጊዜ ዋንጫውን ወሰደ። በ1906 የደቡብ አፍሪካ ነጮች ቡድን ደቡብ አሜሪካን ሲጎበኝ በጉዞው ሁሉ የተሸነፈው በአሉምኒ ብቻ ነው፤ 1 ለ0። ጨዋታውን የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆሴ ፊጌሮአ አልኮርታ በቦታው ተገኝተው ተመልክተዋል። የትምህርት ቤት ጓደኞች ቡድን የአገር መሪ ሜዳ ድረስ የሚያመጣ ጉዳይ ሆኖ ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው የሚከብድ ነው። ሃተን ባይኖር ኖሮ ሌላ ሰው ያደርገው ነበር ይላል። አርጀንቲና በዚያ ዘመን የብሪታንያ ቅኝ ግዛት አትባል እንጂ የባቡር ሐዲዷ፣ ባንኮቿ፣ የሥጋና የእህል ንግዷ በብሪታንያ ገንዘብ የሚንቀሳቀስ ነበር። ሐዲዱ እስከ 1914 ከ30 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ደርሷል፤ ሐዲዱ በደረሰበት ሁሉ መሐንዲሶችና ሠራተኞች ኳስ ይዘው ይሄዱ ነበር። ሮዛሪዮ ሴንትራል በ1889 የተመሠረተው በባቡር ሠራተኞች ነው። ከዚያም በላይ ጨዋታው ርካሽ ነው፤ አንድ ኳስና ባዶ ሜዳ ካለ ይበቃል። እንግዲህ ገንዘቡ፣ ሐዲዱና ርካሽነቱ ተደምረው ነገሩን አይቀሬ ካደረጉት አንድን ርዕሰ መምህር ማወደስ ለምን ያስፈልጋል?

ይህን ተቃውሞ ከሥሩ ነቅሎ መጣል አይቻልም፤ ግማሽ እውነት አለውና። በሆግ ጊዜና በሃተን ጊዜ መካከል ከተማዋ ራሷ ሌላ ሆናለች። በ1869 የሕዝብ ቆጠራ የቦነስ አይረስ ነዋሪ ከ200 ሺህ ያነሰ ነበር፤ በ1895 ከ660 ሺህ አለፈ፤ በ1914 ደግሞ 1.5 ሚሊዮን ተሻገረ። ከጣሊያንና ከስፔን በመርከብ የጎረፈው ሕዝብ ባይኖር ኳሱ የሚያርፍበት እግር አያገኝም ነበር። ነገር ግን ክርክሩ አንድ ነገር ያስረሳል። ክሪኬትም በእነዚሁ ሰዎች፣ በእነዚሁ መርከቦችና ሐዲዶች ነው የገባው፤ ያውም ከእግር ኳስ በፊት። ሆግ የተጫወተበት ሜዳ የክሪኬት ሜዳ መሆኑን ልብ ይሏል። ክሪኬት ግን እስከ ዛሬ ከእንግሊዝ ዘር ማኅበረሰብ ብዙም አልወጣም። ፖሎ በተቃራኒው ፈረስና ሰፊ መሬት ባላቸው ባለ ርስቶች ዘንድ ተወዶ አርጀንቲና የዓለም ቁንጮ የሆነችበት ጨዋታ ሆነ፤ ግን ወደ ታች አልወረደም። ስለዚህ ሐዲድና ገንዘብ ጨዋታውን አገር ውስጥ ያስገባሉ እንጂ ማን እጅ እንደሚወድቅ አይወስኑም። ርካሽነቱም ቢሆን በ1867 ያው ነበር። የባቡር ክለቦቹም ቢሆኑ በራቸውን ለሰፊው ሕዝብ አልከፈቱም፤ ሮዛሪዮ ሴንትራል የባቡር ኩባንያው ሠራተኛ ላልሆነ ሰው አባልነት የፈቀደው በ1903 ነው።

ትምህርት ቤት ከባቡር ይልቅ ኳስን ያዛመተ መሆኑን የሚያሳየው ሌላው ማስረጃ ከሃተን ውጭ ያለው ነው። አይዛክ ኒዌል የተባለ እንግሊዛዊ መምህር እንደ ሃተን በ1853 ተወልዶ፣ እንደ ሃተን በ1884 ሮዛሪዮ ከተማ ውስጥ የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። ተማሪዎቹና ልጁ ክላውዲዮ በ1903 ያቋቋሙት ክለብ ስሙን ከእሱ ወሰደ፤ ኒዌልስ ኦልድ ቦይስ ይባላል፤ ሊዮኔል ሜሲ በልጅነቱ ያደገበት ክለብ ነው። ከወንዙ ማዶ በሞንቴቪዴዮ የኡራጓይ እግር ኳስ አባት የሚባለው ዊሊያም ሌስሊ ፑል ስኮትላንዳዊ መምህር ነበር፤ እሱም በዚያ ከተማ ኢንግሊሽ ሃይ ስኩል ያስተምር ነበር። ፓዲ ማካርቲ የሚባል አየርላንዳዊ ደግሞ በ1900 ቦነስ አይረስ ደርሶ በብሔራዊው የንግድ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ሆነ። ይህ የመንግሥት ትምህርት ቤት እንጂ የእንግሊዞች አልነበረም። ከተማሪዎቹ መካከል የላ ቦካ ሰፈር የጣሊያን ስደተኞች ልጆች ነበሩ፤ በ1905 ቦካ ጁኒየርስን ከመሠረቱት ወጣቶች አንዳንዶቹ ከእሱ ኳስ የተማሩ ናቸው። አራት መምህራን፣ ሦስት ከተሞች፣ ሁለት አገሮች፤ ይህን አጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ ይከብዳል። ሃተንን ከሌሎቹ የሚለየው ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ሊጉንም መያዙ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከአርጀንቲናውያን ከራሳቸው የሚመጣ ሲሆን ከሁሉም የሚያሳስበው እሱ ነው። የሃተን ኳስ የባለጸጋ እንግሊዞች ኳስ ነበር ይላል። ስብሰባው በእንግሊዝኛ፣ ደብዳቤው በእንግሊዝኛ፣ ማኅበሩም እስከ 1912 በእንግሊዝኛ ስም የሚጠራ ነበር። አሉምኒ በኢንግሊሽ ሃይ ስኩል ያልተማረ ሰው አያሰልፍም ነበር፤ ከቡድኑ ግማሽ ያህሉን በየጊዜው ብራውን የሚባሉ የስኮትላንድ ዘር ወንድማማቾች ይሞሉት ነበር። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የአርጀንቲና ኳስ፣ አታሎ ማለፉ፣ በጠባብ ቦታ ኳስ መደበቁ፣ ጉልበትን በብልሃት መብለጡ፣ የተወለደው ከወደቡ ሰፈሮችና ከባዶ መሬቶች እንጂ ከሃተን ሜዳ አይደለም። እንዲያውም አንዳንዶቹ ታላላቅ ክለቦች የተፈጠሩት ከመገለል ነው። ኢንዴፔንዲየንቴን በ1905 የመሠረቱት የአንድ ትልቅ ሱቅ ወጣት ሠራተኞች ናቸው፤ በመሥሪያ ቤቱ ክለብ መዋጮ እየከፈሉ እንዳይጫወቱ ሲደረጉ ተገንጥለው ወጡ፤ ክለባቸውንም ነፃ ማለት በሆነ ስም ጠሩት።

የአጨዋወቱን ነገር ያለ ክርክር እቀበላለሁ። ሃተን ማራዶናን አላስተማረም፤ የእሱ ተማሪዎች አጨዋወት በኤዲንብራ ከሚታየው ብዙም የሚለይ አልነበረም። ነገር ግን ከመገለል የተወለዱት ክለቦች ከተወለዱ በኋላ ወዴት ሄዱ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የራሳቸውን ጨዋታ ወይም የራሳቸውን ደንብ አልፈጠሩም፤ ሃተን ያቆመው ሊግ በር ላይ ነው የተሰለፉት። ሊጉ ቡድን ሲበዛበት ታችኛ ዲቪዚዮኖች ተፈጥረው ነበር፤ ዲቪዚዮኑ ደግሞ ማንም ቡድን በውጤት ወደ ላይ የሚወጣበት መሰላል ነው። ሪቨር ፕሌት በ1908 አደገ፤ አቬጃኔዳ ከተባለችው ከተማ የተነሣው ራሲንግ በ1910 አደገ፤ ቦካ በ1913 አንደኛ ዲቪዚዮን ገባ። የአሉምኒ በር ዝግ ነበር፤ የሊጉ በር ግን የአባትን ስምና የተማሩበትን ትምህርት ቤት ሳይሆን ነጥብ የሚጠይቅ ነበር። ሃተን ይህን አስቦ ያደረገው ነው አልልም፤ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች የሠራው ቤት መሆኑን የሚያጠራጥር ነገር የለም። ሆኖም በጽሑፍ ደንብ የሚተዳደር ውድድር ከመሥራቹ ሐሳብ ውጭ የመጠቀም ዕድል ይሰጣል፤ ደንቡን ያነበበ ሁሉ መብቱን መጠየቅ ይችላልና። የእንግሊዞቹ ክሪኬት ክለብ እንዲህ ያለ መሰላል አልነበረውም።

የአሉምኒ አወዳደቅም ይህንኑ ያስረዳል። ክለቡ በ1911 አሥረኛ ዋንጫውን አንሥቶ ከዚያ ወዲያ ቡድን ማሰለፍ አቃተው። ተጫዋቾቹ አርጅተው ነበር፤ ሕጉ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ልጆች ውጭ ሰው እንዲቀበል አይፈቅድለትም። ሕጉን ከማሻሻል ክለቡን መዝጋት መረጡ፤ በ1913 በይፋ ፈረሰ፣ በካዝናው የተረፈውም ገንዘብ ለበጎ አድራጎት ተከፋፈለ። በዚያው ዓመት የስደተኛ ልጆች ያሉበት ራሲንግ ሻምፒዮን ሆኖ ዋንጫውን ሰባት ዓመት በተከታታይ ሳይለቅ ያዘው። የሃተን ቡድን በሃተን ሊግ ውስጥ ጠፋ፤ ሊጉ ግን በሙሉ ጉልበቱ ቀጠለ።

ሃተን እስከ 1936 ስለኖረ ይህ ሁሉ ሲሆን አይቷል። ልጁ አርኖልዶ ለአሉምኒም ለአርጀንቲና ብሔራዊ ቡድንም ተጫውቷል፤ በዚያ ትውልድ የእንግሊዝኛ ስም በብሔራዊ ቡድኑ ዝርዝር ውስጥ የተለመደ ነበር። በ1930 ሞንቴቪዴዮ ላይ የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሲደረግ አርጀንቲና በኡራጓይ 4 ለ2 ተሸነፈች። አንዱን ግብ ያስቆጠረው የውድድሩ ኮከብ ግብ አግቢ ጊጄርሞ ስታቢሌ ነው፤ ከጎኑ ሞንቲ፣ ፔውሴሌ፣ ቫራጆ፣ ፌሬይራ፣ ሁለቱ ኤቫሪስቶ ወንድማማቾች ተሰልፈዋል። ከአሥራ አንዱ ተጫዋቾች የእንግሊዝኛ ስም ያለው አንድም አልነበረም።